የጥቂት ቦታ ጥበብ፤ የፓልም የእጅ ኮምፒዩተርና የብዙ መረጃ ቋቶች ታሪክ

መግቢያ

የኮምፒዩተር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የዕድገት ታሪክ ሆኖ ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሜሞሪው ይሰፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ጸሐፊውም ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ የድል ዝርዝር ያቀርባል። በዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ውስጥ እምብዛም ቦታ የማያገኝ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የጥበት ታሪክ ነው። ቦታ በጠበበ ጊዜ የፕሮግራም ደራሲዎች ምን ዘየዱ? ምኑን ያዙ፣ ምኑን ጣሉ? የጣሉትስ ነገር ኋላ ምን ዋጋ አስከፈለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከዕድገቱ ታሪክ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የጥበት ታሪክ በአንድ ውሱን ምሳሌ መመርመር ነው። ምሳሌያችን በ1996 ለገበያ የቀረበው ፓይለት የተባለ የእጅ ኮምፒዩተርና እርሱን ተከትለው የመጡት የፓልም መሣሪያዎች ናቸው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) በተለይ የምናተኩረው፣ አንድ ፕሮግራም ብዙ የመረጃ ቋቶችን በሚያስተዳድርበት ጊዜ ኮዱ እንዴት ባጭሩ ሊቀመጥ ቻለ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው።

ጉዳዩ ከላይ ሲታይ የመሐንዲሶች የጓዳ ሥራ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን ዕውቀት የት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ነው። የሜሞሪ እጥረት ለፓልም ደራሲዎች ያስተማራቸው አንድ ደንብ፣ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚል ነበር። ደንቡ ትክክለኛ ነበር። ሆኖም ያ አንድ ቦታ የፕሮግራሙ ኮድ ብቻ ሆኖ በመቅረቱ፣ ኮዱ ሲሞት መረጃው አብሮት ዲዳ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ባጭሩ ይኸው ነው።

1. ከኒውተን እስከ ፓይለት

በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ሐሳብ ከፓልም በፊት የነበረ ነው። አፕል ኩባንያ በ1993 ኒውተን መሴጅፓድ የተባለውን መሣሪያ ወደ 700 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ኒውተን ትልቅ ምኞት የተጣለበት ሥራ ነበር፤ የባለቤቱን የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ያነባል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ማንበብ ግን ተሳነው፤ የጋዜጦችና የቴሌቪዥን መሳለቂያ ሆነ። በዚያው ዓመት ካሲዮና ታንዲ የተባሉት ኩባንያዎች ዙመር የተሰኘ ተመሳሳይ መሣሪያ አወጡ። የዙመርን የቀን መቁጠሪያ፣ የአድራሻና የመሳሰሉትን ፕሮግራሞች ያዘጋጀው፣ ጄፍ ሆኪንስ በ1992 የመሠረተውና ዶና ዱቢንስኪ በሥራ አስኪያጅነት የመራችው ፓልም ኮምፒዩቲንግ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነበር። ዙመርም ዘገምተኛ በመሆኑ ገበያ አጣ።

ሆኪንስ ከነዚህ ሁለት ውድቀቶች የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነበር። የእጅ ኮምፒዩተር ተፎካካሪው ሌላ ኮምፒዩተር ሳይሆን ወረቀት ነው። እንግዲህ በሸሚዝ ኪስ መግባት፣ በተከፈተበት ቅጽበት መልስ መስጠት፣ ከ300 ዶላር የማይበልጥ ዋጋ መያዝና ይዘቱን በጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፒዩተር ጋር በቀላሉ ማስተባበር ይኖርበታል። ሆኪንስ በታሰበው መሣሪያ ልክ የተቆረጠ የእንጨት ቁራጭ በኪሱ ይዞ እየዞረ፣ ቀጠሮ ሲይዝና አድራሻ ሲፈልግ እንደሚጠቀምበት ያስመስል እንደነበር በሰፊው የተነገረ ነው። የእጅ ጽሑፍን ችግር የፈታውም በዚሁ መንፈስ ነው። ማሽኑ የሰውን ሁሉ አጻጻፍ እንዲማር ከማስገደድ ይልቅ፣ ሰው ግራፊቲ የተባሉትን ጥቂት ቀላል ፊደላት እንዲማር አደረገ። ጉዳዩን ስናጤነው፣ ማሽኑ ሊሸከመው የማይችለውን ውስብስብነት ሰው በጥቂት ልምምድ እንዲሸከመው መደረጉ ነው። ይህ ውሳኔ በኋላ ለምናየው የኮድ ቁጠባ ሁሉ አርአያ ነበር ማለት ይቻላል።

ፓልምን በ1995 ዩ ኤስ ሮቦቲክስ ገዛው። በሚቀጥለው ዓመት ፓይለት 1000 በ299 ዶላር፣ ፓይለት 5000 ደግሞ በ369 ዶላር ለሽያጭ ቀረቡ። ሁለቱም በ16 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የሞቶሮላ ድራገንቦል ፕሮሰሰር፣ በቁመትም በወርድም 160 ነጥብ ያለው ጥቁርና ነጭ ገጽ፣ እንዲሁም ሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነበሯቸው። ልዩነታቸው ሜሞሪያቸው ነው፤ የመጀመሪያው 128 ኪሎ ባይት፣ ሁለተኛው 512 ኪሎ ባይት ይዘዋል።

2. ፋይል የሌለበት ሥርዓት

የፓልም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የሚለየው ዲስክም ፋይልም ስላልነበረው ነው። ሜሞሪው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ የሚገለገልበት የሥራ ቦታ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ይህ ክፍል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ድርሻ ጨምሮ ከ32 ኪሎ ባይት አይበልጥም ነበር። ሁለተኛው ክፍል የማከማቻ ቦታ ነው። በዚህ ማከማቻ ውስጥ የሚቀመጠው ሁሉ የመረጃ ቋት ነው። የቀጠሮዎች ዝርዝር አንድ ቋት ነው፤ የአድራሻዎች፣ የሚሠሩ ጉዳዮችና የማስታወሻዎች ዝርዝሮችም እንዲሁ። ፕሮግራሙ ራሱ እንኳ ሳይቀር የኮድ ቁርጥራጮች፣ የገጽ ቅርጾችና የመልእክት ጽሑፎች የተሰበሰቡበት አንድ የቋት ዓይነት ነበር። ኮዱም ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ እዚያው በተቀመጠበት ይሠራል፤ መዝገቡም እዚያው በተቀመጠበት ይታረማል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር አንድ ሰነድ በዲስክ ላይ አንድ፣ በሜሞሪ ውስጥ ሌላ ቅጂ ሲኖረው፣ በፓልም ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው።

የቋቱ አሠራር በራሱ የቁጠባ ትምህርት ነው። እያንዳንዱ መዝገብ በቋቱ ዝርዝር ውስጥ የሚይዘው ስምንት ባይት ብቻ ነው። አራቱ ባይት መዝገቡ የሚገኝበትን ቦታ ያመለክታሉ፤ ሦስቱ የመዝገቡ ልዩ መለያ ቁጥር ናቸው፤ የቀረው አንድ ባይት ለሁለት ይከፈላል። በግማሹ፣ ማለትም በአራት ቢት፣ መዝገቡ የተሰረዘ፣ የተለወጠ፣ በሥራ ላይ ያለ ወይም ምስጢራዊ መሆኑ ይመዘገባል። በሌላው ግማሽ ምድቡ ይጻፋል፤ አራት ቢት ከ16 በላይ መቁጠር ስለማይችል የፓልም ምድቦች ቁጥር ከ16 አልፎ አያውቅም። ተጠቃሚው በገጹ ላይ የሚያየው ወሰን ከስር ካለው የግማሽ ባይት ጥበት የመነጨ ነበር።

ኮዱም የራሱ ወሰን ነበረው። ፕሮሰሰሩ ከአንድ የኮድ ቦታ ወደ ሌላው በአጭር ትእዛዝ ሲዘልቅ ሊደርስ የሚችለው ወደፊትም ሆነ ወደኋላ እስከ 32 ኪሎ ባይት ነው። አንድ የኮድ ቁራጭም ከ64 ኪሎ ባይት ሊበልጥ አይችልም። ከዚህ የሚያልፍ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ኮዱን ወደ ልዩ ልዩ ክፍሎች መሸንሸንና የትኛው ንዑስ ፕሮግራም ከየትኛው ጋር እንደሚቀመጥ መጨነቅ ነበረበት። በዚህ ሁሉ ላይ የባትሪው ጉዳይ ይታከላል። ድንጋዩ አልቆ ሳይተካ ከቆየ ማከማቻው ሁሉ ይጠፋ ስለነበር፣ የመሣሪያው ይዘት ዋስትና በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ቅጂ ነበር።

3. የድግግሞሽ ዕዳ

ከመሣሪያው ጋር የመጡት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በአንድ ዋና የመረጃ ቋት የሚሠሩ ነበሩ። ችግሩ የተከሰተው ሌሎች ደራሲዎች ሰፋ ያለ ሥራ ይዘው ሲመጡ ነው። የሐኪም መዝገብ፣ የንግድ ዕቃ ቆጠራ፣ የመስክ ጥናት ቅጽ፣ የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር በአንድ ቋት የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም።

የቤተ መጻሕፍቱን ምሳሌ እንውሰድ። መጻሕፍት፣ ደራሲዎች፣ አሳታሚዎች፣ ርእሰ ጉዳዮች፣ ተዋሾች፣ የውሰት ቀናት፣ የአንባቢ ማስታወሻዎችና የፕሮግራሙ ምርጫዎች በየራሳቸው ቋት ቢቀመጡ ስምንት ቋቶች ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ቋት ላይ የሚፈጸሙት ተግባራት ቢያንስ ስድስት ናቸው፤ ቋቱን መክፈት (ከሌለም መፍጠር)፣ መዝገብ መፈለግ፣ አዲስ መዝገብ በተራው ማስገባት፣ ማረም፣ መሰረዝና ቋቱን መዝጋት። ጀማሪ ደራሲ የመጀመሪያውን ቋት ስድስት ንዑስ ፕሮግራሞች ይጽፋል፤ ሲሠሩለትም ገልብጦ ስሞቹን እየለወጠ ለሁለተኛው ያውላቸዋል። እንዲህ እያለ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ 48 ንዑስ ፕሮግራሞች ይኖሩታል። እያንዳንዱ 150 ባይት ይፈጃል ብለን ብናስብ ድምሩ 7200 ባይት ነው። ዛሬ ይህ ቁጥር ከምንም አይቆጠርም። 128 ኪሎ ባይት ብቻ ለነበረው፣ ከዚያውም ላይ የሥራው ቦታና የባለቤቱ አድራሻዎች ለሚቀነሱበት መሣሪያ ግን ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ የድግግሞሽ ትልቁ ዕዳ የቦታ ዕዳ አይደለም፤ የእውነት ዕዳ ነው። ይህን ለመረዳት ሆትሲንክ የተባለውን የማስተባበሪያ ሥርዓት ማየት ይበቃል። መሣሪያው ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ በተለመደው ፈጣን አሠራር የሚያስተላልፈው ተለውጠዋል የሚል ምልክት ያለባቸውን መዝገቦች ብቻ ነው። ምልክቱን የሚያኖረው ደግሞ ፕሮግራሙ ነው፤ አንድን መዝገብ አርሞ ሲለቅቀው መለወጡን ማሳወቅ አለበት። አሁን ከስምንቱ የማረሚያ ንዑስ ፕሮግራሞች በሰባቱ ውስጥ ይህ ማሳወቂያ ተጽፎ በስምንተኛው ቢረሳስ? ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ስሕተት መኖሩንም የሚናገር መልእክት አይወጣም። ተጠቃሚው የአንድ ደራሲን የትውልድ ዘመን ያርማል፣ እርማቱንም በገጹ ላይ ያየዋል። ወደ ጠረጴዛው ኮምፒዩተር ግን አይሻገርም። ባትሪው ያለቀ ዕለት እርማቱ ይጠፋል፤ አሮጌው ስሕተት ከጠረጴዛው ቅጂ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ በጊዜው ያረመውን ነገር ዳግም ስሕተት ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንድ ደንብ በስምንት ቦታ ሲጻፍ ውሎ አድሮ ስምንት ደንብ ይሆናል የምንለው ስለዚህ ነው።

4. የሠንጠረዡ መፍትሔ

የተሻሉት ደራሲዎች የያዙት መንገድ የጋራውን ከልዩው መለየት ነበር። ስምንቱ ቋቶች የሚለያዩበትን ነገር ስንቆጥር በጣም ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። እያንዳንዱ ቋት ስም አለው፤ ዓይነቱንና ባለቤቱ የሆነውን ፕሮግራም የሚያመለክቱ አራት አራት ፊደላት አሉት፤ መዝገቦቹ የሚደረደሩበት ተራ አለው፤ መዝገቡም የተወሰኑ ክፍሎች አሉት። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ ልዩነቶቹ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በስምንት ረድፍ ይጻፋሉ፤ ስድስቱ ተግባራት ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉና የረድፉን ቁጥር እየተቀበሉ ይሠራሉ። ክፈት የሚለው ንዑስ ፕሮግራም ሦስት ሲባል አሳታሚዎችን፣ አምስት ሲባል ተዋሾችን ይከፍታል። እያንዳንዱ የጋራ ንዑስ ፕሮግራም ከፊተኛው ጥቂት ሰፋ ብሎ 200 ባይት ቢወስድና እያንዳንዱ ረድፍ 50 ባይት ቢይዝ፣ ድምሩ 1600 ባይት ይሆናል። ይህም ከቀድሞው ሩብ እንኳ አይሞላም። ዘጠነኛ ቋት ቢያስፈልግ የሚጨመረው አንድ ረድፍ ነው። የለውጡ ምልክት የሚኖርበትም ቦታ አንድ ብቻ ይሆናል፤ እዚያ ትክክል ከሆነ በሁሉም ትክክል ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ወደዚህ መንገድ ይጋብዝ ነበር። የማደርደሪያና የመፈለጊያ አገልግሎቶቹ ሁለት መዝገቦችን አወዳድሮ የትኛው እንደሚቀድም የሚናገር ንዑስ ፕሮግራም ከደራሲው ይቀበላሉ። ከዚህም ጋር ደራሲው እንደፈለገ የሚጠቀምበት አንድ ተጨማሪ ቁጥር ያቀብላሉ። በዚህች ቁጥር አማካይነት አንድ ማወዳደሪያ ብቻ ጽፎ፣ አንድ ጊዜ በስም፣ ሌላ ጊዜ በዘመን፣ ሌላ ጊዜ በርእስ እንዲያደረድር ማድረግ ይቻል ነበር። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚቀርበው ጥሪ ራሱ በኮዱ ውስጥ የሚይዘው አራት ባይት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ባይት ጥሪ መሆኑን፣ ሁለቱ ደግሞ የትኛው አገልግሎት እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ ሲስተሙ የሚያውቀውን ሥራ ደግሞ መጻፍ ድርብ ብክነት ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የሠንጠረዡ መኖሪያ ነው። ተጠቃሚው በመሣሪያው ሁሉ ውስጥ አንድ ቃል ሲፈልግ፣ ሲስተሙ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለአፍታ ቀስቅሶ በቋቶችህ ውስጥ ፈልግ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ በመደበኛ ሁኔታ ስላልተከፈተ የጋራ ተለዋዋጮቹን ማግኘት አይችልም። ሠንጠረዡን እዚያ ያስቀመጠ ደራሲ በፍለጋው ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ከኮዱ ጋር በቋሚነት፣ ወይም ከፕሮግራሙ ጋር እንደሚጓዝ ራሱን የቻለ ቁራጭ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት።

ሁለተኛው የቋቶቹ ግንኙነት ነው። መጽሐፉ ደራሲውን የሚጠቁመው በዝርዝሩ ውስጥ ባለው ተራ ቁጥር ከሆነ፣ አዲስ ደራሲ በመካከል በገባ ቁጥር ጥቆማው ይሳሳታል፤ የአንዱ መጽሐፍ በሌላው ስም ይመዘገባል። በሦስቱ ባይት ልዩ መለያ የጠቆመ ደራሲ ግን ተራው ቢለዋወጥም አይሳሳትም።

ሦስተኛው የጋራነት ልክ ነው። ሁሉንም በአንድ ለመጠቅለል የሚደረግ ጉጉት የራሱ አደጋ አለው። የጋራው ንዑስ ፕሮግራም ይህ ረድፍ ከሆነ እንዲህ፣ ያኛው ከሆነ እንዲያ እያለ በልዩ ሁኔታዎች መሞላት ሲጀምር፣ ከተለያዩት ንዑስ ፕሮግራሞች ድምር ይበልጥ ይከብዳል፤ ለማንበብም ያስቸግራል። አንዳንዶች ደግሞ ከዚህም አልፈው ስምንቱን ቋቶች በአንድ ቋት አስገብተው በምድብ ብቻ ለመለየት ሞክረዋል። ይህም መዝገቦቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተራ እንዳይኖራቸው አደረገ፤ ተጠቃሚውም 16ቱን ምድቦች ለራሱ ሥራ እንዳይጠቀምባቸው ነፈገው። ቁጠባ ማለት ሁሉን ማዋሐድ ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አንድ የሆነውን አንድ ማድረግ፣ ልዩ የሆነውን ልዩ አድርጎ መተው ነው።

5. የታጠፈው መዝገብ

ኮዱን ካሳጠሩ በኋላ ተራው የመዝገቡ ነው። የፓልም የአድራሻ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አንድ አድራሻ 19 ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ የቤተሰብ ስም፣ የግል ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልኮች፣ ከተማ፣ አገርና የመሳሰሉት። አብዛኛው ሰው ግን ከነዚህ አራት ወይም አምስት ብቻ ይሞላል። ለሁሉም ቋሚ ቦታ መመደብ ባዶ ቤት ማከራየት ነው። ስለዚህ ደራሲዎቹ በመዝገቡ ራስጌ ላይ በአራት ባይት ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቢት አኖሩ። ቢቱ አንድ ከሆነ ክፍሉ አለ፤ ዜሮ ከሆነ የለም። ከዚያ በኋላ ያሉት ጽሑፎች ብቻ ተራ በተራ፣ በመካከላቸው አንዳች ክፍተት ሳይተው ይከተላሉ። የታጠፈ መዝገብ ይሉታል።

በዚህ አቀማመጥ አንድ አድራሻ በጥቂት ደርዘን ባይት ውስጥ ያድራል። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በመዝገቡ ውስጥ ሦስተኛው ቢት መሥሪያ ቤትን እንደሚያመለክት የሚናገር ምንም ነገር የለም። ያንን የሚያውቀው ኮዱ ነው። መዝገቡ አጭር ሊሆን የቻለው ትርጉሙን በሌላ ቦታ ስላስቀመጠ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አጭር አጻጻፍ በአገራችን ትውፊት የታወቀ ነው። በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የሚሰፈሩት የዜማ ምልክቶች፣ ዜማው ከታወቀ አንድ ንባብ የተወሰዱ አንድ ወይም ጥቂት ፊደላት ናቸው። ምልክቷ ዜማውን አልያዘችም፤ ዜማውን ቀድሞ ለሚያውቅ ታስታውሰዋለች እንጂ። ዜማው የሚኖረው በመሪጌታው ልቡና ነው። ደቀ መዝሙር ሳይተካ መሪጌታው ቢያልፍ ብራናው ይቀራል፤ ዜማው ግን አይቀርም። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ይህ አደጋ የታወቀ በመሆኑ ከምልክቱ ጎን ለጎን የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ቆመ። የኮምፒዩተሩ ዓለም ግን ለታጠፈው መዝገብ ይህን የመሰለ ደቀ መዝሙር አላዘጋጀለትም።

6. ቁጠባው ያስከተለው

የፓልም ዕድል ከዚህ በኋላ በፍጥነት ተለዋወጠ። ዩ ኤስ ሮቦቲክስ በ1997 ከስሪኮም ጋር ተዋሐደ፤ መሥራቾቹ በ1998 ወጥተው ሃንድስፕሪንግን አቋቋሙ፤ ፓልም በ2000 ራሱን የቻለ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ። በ2002 ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወደ አዲስ የፕሮሰሰር ዓይነት ሲሸጋገር፣ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ፕሮሰሰር በሚያስመስል ንብርብር ላይ እየሠሩ ቀጠሉ።

በ2004 የወጣው ትሪዮ 650 የተባለ ስልክ የቁጠባውን ታሪክ በአንድ ያልታሰበ መንገድ አጋለጠው። ይህ ስልክ ባትሪው ቢያልቅም ይዘቱን የማያጠፋ ማከማቻ ይዞ መጣ፤ ለዓመታት የተመኙት ነገር ነበር። ይሁን እንጂ አዲሱ ማከማቻ ቦታ የሚመድበው በ512 ባይት ብሎክ ነው። በጥንቃቄ ታጥፎ በጥቂት ደርዘን ባይት የገባው መዝገብ ከሚያስፈልገው እጅግ የሰፋ ቦታ ያዘ። ብዙ ትናንሽ መዝገቦች የነበሯቸው ሰዎች ቀድሞ በአሮጌው መሣሪያ የገባላቸው ይዘት በአዲሱ አልገባ አላቸው፤ ቅሬታውም በመብዛቱ ኩባንያው ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። ከአንድ ማሽን ጠባይ ጋር ብቻ የተስማማ ቁጠባ ማሽኑ ሲለወጥ ወደ ብክነት እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፓልም በ2009 ዌብ ኦኤስ የተባለ ፍጹም አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ይህም የቀድሞዎቹን ፕሮግራሞች በራሱ የማያስኬድ ነበር። በ2010 ሒውሌት ፓካርድ ኩባንያውን ገዛ፤ በ2011 መሣሪያዎቹን ማምረት አቆመ። የአድራሻና የቀጠሮ ቋቶች አቀማመጣቸው በይፋ የታወቀ ስለነበር ወደ ሌላ ሥርዓት ሊተረጎሙ ቻሉ። ከአንድ ደራሲ እጅ የወጡት፣ ስምንትና አሥር ቋት የነበራቸው የሐኪም፣ የመስክ ጥናትና የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራሞች ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ቋቶቻቸው በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ ሆነው ቢተርፉ እንኳ፣ የየትኛው ቢት ትርጉም ምን እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ በማይሠራ ኮድ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የደከሙ ወገኖች የገጠማቸው ችግር ከዚሁ አንድ ዘር ነው። አንድ ፊደል በአንድ ባይት የሚጻፍበት ሥርዓት ከ256 የበለጠ ምልክት አይችልም። 33ቱ ፊደላት ከነ ሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ወሰኑ ይታለፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ከፈለው፣ ሌላው አንዳንድ ምልክቶችን ተወ፤ ሁሉም በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ የየራሱን አሰፋፈር ዘረጋ። ጽሑፉ የሚነበበው ያንኑ የሠሪውን ፊደል ባለበት ማሽን ላይ ብቻ ነበር፤ በሌላ ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 ባወጣው 3.0 እትም 345 የኢትዮጵያን ምልክቶች እስኪያካትት ድረስ፣ በስደት የተጻፈው አማርኛ ትርጉሙን ከራሱ ውጭ ያስቀመጠ የታጠፈ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ወደ አዲሱ ሥርዓት ያልተሻገረ ጽሑፍ ዕጣው ያው ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? ቁጠባው ስሕተት ነበር አንልም። የሠንጠረዡ ሥርዓት ከ128 ኪሎ ባይት ጥበት የተወለደ ቢሆንም፣ ሜሞሪው በጊጋባይት በሚቆጠርበት በዛሬውም ዘመን ትክክል ነው፤ አንድ ደንብ በስምንት ቦታ መጻፉ ዛሬም እርማትን ያጠፋልና። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ሠንጠረዡ፣ ማለትም ቋቶቹ እነማን እንደሆኑና መዝገባቸው ምን ምን ክፍል እንዳለው የሚናገረው መግለጫ፣ ከኮዱ ወጥቶ ከመረጃው ጋር አብሮ መቀመጥ ነበረበት። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣውና በኋላ በብዙ ሚሊዮን ስልኮች ውስጥ የገባው ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ቋት ሥርዓት ይህንኑ አድርጎታል። በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ሠንጠረዦች ይቀመጣሉ፤ የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መግለጫም በዚያው ፋይል ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ይገኛል። የጻፈው ፕሮግራም ቢጠፋ እንኳ ሌላ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ይህ የደራሲ ስም ነው፣ ይህ የትውልድ ዘመን ነው ብሎ ማንበብ ይችላል። መግለጫው የሚወስደው ቦታ በጥቂት መቶ ባይት የሚቆጠር ነው። ፓይለት ላይ እንኳ አንድ አጭር ማስታወሻ ያህል ቦታ ቢሠዋ በቂ በሆነ ነበር።

በስደት ላለን ሰዎች ነገሩ ከቴክኒክ ያልፋል። ቤተ መጻሕፍቶቻችን የተበተኑ ናቸው። የጥናት ዝርዝሮቻችን፣ የቃላት ስብስቦቻችን፣ የማኅበሮቻችን መዛግብት በግለሰቦች ማሽኖች ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አቀማመጥ ተቀምጠዋል። አንድ ምሁር ለ20 ዓመት የሰበሰበውን የቃላት ዝርዝር ለማንበብ እርሱ ራሱ በአጠገቡ መኖር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ያ ዝርዝር ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ አይረዝምም። አገር ቤት ያለ መዝገብ ቢያንስ የሚጠይቁት ጎረቤት፣ የሚያስታውስ ባልንጀራ አለው፤ በባዕድ አገር የቀረ መዝገብ ግን ስለ ራሱ የሚናገረው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ የጠበበ እንደሆነ ድግግሞሹን እንቀንስ፤ ባዶውን ክፍል እንጠፍ። መዝገቡ ምን እንደሚል የሚነግረንን አንዱን ገጽ ግን ለቁጠባ ብለን አንጣለው።